ሦስተኛው አንድም

የኔታ ይትባረክ መሞታቸውን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተራ ይዤ ነው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። የናፍጣው ወፍጮ የሚሠራው ናፍጣ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ሴቱ ሁሉ ከነጆንያው ደጅ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ዘወር ብላ፣ «እኒያ የእንግሊዝኛው የኔታ ዐረፉ አሉ» አለችኝ። ገብስ ተወደደ ብላ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን ሳይሆን ንዴት ነው። በሴትዮዋ ተናደድኩ፣ በወፍጮው ተናደድኩ፣ በእሳቸውም ተናደድኩ። ጆንያዬን አንስቼ ከሰልፉ ስወጣ፣ «ኧረ ተራሽ ያልፍሻል!» እያለች ከኋላዬ ትጮህ ነበር።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የኩልመስክ ልጅ። ላሊበላ ተመድቤ ስመጣ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ባዶ የተረፈው ወንበር ከየኔታ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። ለምን እንደተረፈ የገባኝ ሳይውል ሳያድር ነው። እሳቸው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሻዩ ሳይጠጣው ይቀዘቅዝበታል። አንድ ቃል ያነሳሉ፤ ከዚያ ያቺን ቃል እስከ አያት ቅድመ አያቷ ድረስ ሳይቆጥሩ አይለቁሽም። እኔ ደግሞ ወሬ ሲረዝም ይደክመኛል። ልብ ማለት ልብ ነው፤ አራት ክፍል አለው፤ ደም ይረጫል፤ አለቀ። እሳቸው ግን ይህን ስላቸው በጣም ያዝኑልኝ ነበር።

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሁሉ «ቲቸር» ነው። እኔም ቲቸር ነኝ፣ ርዕሰ መምህሩም ቲቸር ነው፣ የስፖርቱም ቲቸር ነው። የሚገርመው ስሙ ከማንም በላይ የሚገባቸው የእንግሊዝኛው አስተማሪ ብቻ «የኔታ» ይባሉ ነበር። የካህን ልጅ ናቸው። ዜማ ተምረዋል፣ ቅኔ ተቀኝተዋል፣ ትርጓሜ ቤትም ገብተው ጥቂት ዓመት ተቀምጠዋል። ከዚያ ምን እንዳገኛቸው እንጃ፣ ጢም አብቅለው ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኤ ቢ ሲ ጀመሩ። ለምን ሲባሉ፣ «አንድ ቱሪስት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ምን እንዳለኝ ሳይገባኝ ሄደ። እሱን ልመልስለት ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ መዝገበ ቃላት በብብታቸው ሸጉጠው ነው ክፍል የሚገቡት። መዝገበ ቃላቱን ሌላ ቱሪስት ትቶላቸው የሄደ ነው። የቃሉን ፍች ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ፣ ከማን እንደተወለደ የሚናገር ዓይነት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ስቀልድባቸው፣ «ወረቀቱስ እሽ፤ ሞኙን ከየት አመጣሽው አስካለ?» ይሉኛል። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ይህችን ተረት በቀን ስንቴ እንደሚሏት ተማሪው ሁሉ ያውቃል፤ «ነገርን» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከሥሩ!» ይላል።

የትርጓሜ ቤትን ወግ ለማያውቅ ልናገር። እዚያ ቤት አንድ ቃል ሲተረጎም አንድ ፍች ብቻ አይሰጠውም። መምህሩ አንዱን ይናገርና «አንድም» ይላል፤ ሌላ ይጨምራል። ደግሞ «አንድም» ይላል፤ ሦስተኛ ይጨምራል። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። ሁሉም ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። የኔታ እንግሊዝኛን በዚህ መንገድ ነበር የሚያስተምሩት። ሌላው አስተማሪ «ዊንዶው ማለት መስኮት» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን፣ «ዊንዶው የነፋስ ዓይን ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ቤታቸው ላይ ቀዳዳ ሲተዉ ነፋሱ በዚያ አጮልቆ የሚያያቸው መስሏቸው ነው» ይላሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው መስኮቱን ያያሉ። ፈተና ላይ ይህ አይመጣም። ርዕሰ መምህሩ ስንት ጊዜ «የኔታ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ይጨርሱልን እንጂ» ብሏቸዋል። «እሽ» ይላሉ፤ ነገ ደግሞ ያው ናቸው።

ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደየአቅጣጫው ሮጠ። ገሚሱ ወደ ገደሉ፣ ገሚሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ። የኔታ አልሮጡም፤ አልጋ ሥር ገቡ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ክፍል ውስጥ፣ በተማሪ ፊት። የታጠቁት ሰዎች ቤታቸው ገብተው ሬዲዮናቸውን ወሰዱ፣ ብርድ ልብሳቸውን ወሰዱ፣ በሩን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ፤ እሳቸው አልጋው ሥር ሆነው የሰዎቹን ጫማ እያዩ ዋሉ። «ጎረቤቴ ሲደበደብ ሰማሁ» አሉኝ አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን። «ስሜን ጠርቶ ጮኸ። አልወጣሁም አስካለ። ሳል እንዳያመልጠኝ ጋቢዬን ነክሼ ያዝሁት።» ጎረቤቱ አልሞተም፤ ዛሬም አንካሳ ሆኖ ይኖራል። የኔታም ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጁ ሲያልፉ ቀና አይሉም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ፣ መስኮቱ ረግፎ፣ በሩ ተነቅሎ ተመልሰን ስንከፍት አንድ ጠዋት ወደ ወንበሬ ጠጋ ብለው፣ «ስሜን አገኘሁት» አሉኝ።

«የምን ስም?»

«ፖልትሩን።»

«የላም መድኃኒት ነው የሚመስለው።»

በጣም ሳቁ። እንግሊዞች ራሳቸው ብዙዎቹ የማያውቁት፣ በድሮ መጻሕፍት ብቻ የቀረ ቃል ነው አሉ፤ ፈሪ ማለት ነው። «ግን ዝም ብሎ ፈሪ አይዶለም። ፍርሃት ሰውን ይጎበኘዋል፤ አድሮ ይሄዳል። ፖልትሩን ግን ፍርሃት ቤት ሠርቶ የተቀመጠበት ሰው ነው።» ሲናገሩ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን ሳቁን አልወደድኩትም። ሰው ለራሱ ስድብ ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ሲያድር ደግ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዙር መጣ። ወጣት ይፈለጋል ተባለ። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ የሚል ወሬ ነበር፤ በኋላ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ሰዎች በየደጁ መዞር ጀመሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ወንበሮች ባዶ እየሆኑ ሄዱ። የቀሩትና ወንድሞቻቸው የሄዱባቸው «ፈሪ» «ሽንታም» እየተባባሉ ይናከሱ ነበር። አንድ ዓርብ የየኔታ ክፍል ውስጥ ሁለቱ በቡጢ ተያያዙ። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ስለ ኩላሊት አስተምራለሁ። በሩ የለም፣ የጋራ ግድግዳውም ተሸንቁሯል፤ እሳቸው ማስተማር ሲጀምሩ የኔ ተማሪዎች ኩላሊቱን ትተው ጆሯቸውን ወደዚያ ነው የሚቀስሩት። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«በሉ ስድብ ከወደዳችሁ በወጉ ተሳደቡ» አሉ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ ተሰማኝ። «ፖልትሩን። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ወሰዱት፣ ፈረንሳይ ከጣልያን። ነገርን...»

«ከሥሩ!»

«እሽ። አልጋ ነው። ሰው ሁሉ ሲነሣ የማይነሣ፣ አልጋውን የሙጥኝ ያለ ማለት ነው። ይኼ በኔ ተፈጽሟል።» ክፍሉ ሳቀ። «አንድም፣ ውርንጭላ ነው። ገና ያልተገራ፣ ጥላውን አይቶ የሚፈረጥጥ። አንድም...» እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጥሩ ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው። «አንድም፣ ጣት ነው። በሮማውያን ዘመን ጦርነት ሲመጣ አውራ ጣታቸውን በገዛ እጃቸው የሚቆርጡ ነበሩ። አውራ ጣት የሌለው ሰው ቀስት አይገትር፣ ሰይፍ አይጨብጥ። ይዘውት ሄደው ምን ይሠሩበታል? ይተዉታል። በላቲን 'ጣተ ቆራጣ' ከሚለው ነው ቃሉ የመጣው ይላሉ።»

ከዚያ ምስጋናው የሚባል ተማሪ ድምፅ ተሰማ። ምስጋናው ጎበዝ ልጅ ነው፤ በኔም ትምህርት አንደኛ ነበር። «የኔታ፣ ለክላሽ ግን አውራ ጣት ምን ያደርጋል? ሌባ ጣት ነው እንጂ!»

የሳቸውም ክፍል የኔም ክፍል በሳቅ ተደበላለቀ። «አንተስ ሊቅ ነህ» አሉት የኔታ። «አንድም ጨመርህበት!» ያን ጊዜ ዘበኛው የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ደበደበ፤ ደወሉ እሱ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ።

የኔታ ለመናገር አስበው ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበር። ሦስተኛው አንድም ሐሰት ነው። መዝገበ ቃላቱ ራሱ ጥሎታል፤ የድሮ ሰዎች የፈጠሩት ተረት ነው ይላል። የጣቱን ወሬ አሳምረው ካቆሙ በኋላ ሊያፈርሱት ነበር፤ ልማዳቸው ነው፣ መጀመሪያ ያስደስቱና በኋላ ያስተካክላሉ። ደወሉ ቀደማቸው። ሰኞ እነግራቸዋለሁ አሉ።

ሰኞ ምስጋናው አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ከዚያ እንጨት ሲፈልጥ ጣቱን ምሳር ቆረጠው የሚል ወሬ ደረሰን። የኔታ ፊታቸው አመድ ሆነ። «የትኛውን ጣት?» አሉ። የነገረን ልጅ አያውቅም ነበር።

አብረን ሄድን። ቤታቸው ወደ አሸተን ተራራ መውጫ ላይ ነው፤ ከታች ላሚቱ የምታድርበት፣ ከላይ ሰው የሚኖርበት የላስታ የድንጋይ ቤት። እናቱን እናኑ እላታለሁ፤ ስሟ ይህ አይደለም። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ታላቁ ልጇ በመጀመሪያው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። የቀራት ምስጋናው ነው። «ፈሪ ለናቱ» ይባላል፤ እሷ ግን የጀግናም የፈሪም እናት መሆን አልፈለገችም፣ ልጇን ብቻ ነው የፈለገችው።

ምስጋናው ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። ቀኝ እጁ በነጠላ ጥምጥም ተደርጓል። ስፈታው የጎደለው ሌባ ጣቱ ነው። ቀኝ እጁ መሆኑን ሳይ የእንጨት ፈለጣው ነገር ውሸት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ልጁ በቀኙ ነው የሚሠራው፤ ምሳር በቀኙ ይዞ ቀኝ እጁን እንዴት ይቆርጣል? የኔታ ጣቱን አይተው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። እናኑ፣ «እንጨት ሲፈልጥ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ውሃ አፍልቼ በጨው አጠብኩለት። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ያስፈልገው ነበር። ጤና ጣቢያው ሄድኩ፤ ማቀዝቀዣው ከተዘረፈ ወዲህ መርፌው የለም አሉኝ። ወደ ወልድያ ልውሰደው አልኩ፤ መንገዱ ዝግ ነው አሉኝ። መኪና መመላለስ ካቆመ ሰንብቷል። በኋላ አንገቱ ደረቀ፣ ቀጥሎ መንጋጋው ገጠመ። በሽታውን ከነስሙ፣ ከነተሐዋሲው፣ ነርቭ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሁሉ አስተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም አግኝቶታል። ያ ሁሉ እውቀት ለሁለታችንም ምንም አልፈየደልንም። ልቡ እስኪቆም ድረስ አእምሮው አልተነካም፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚከፋኝ።

ቀብሩ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። በገዛ እጁ ሕይወቱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። መንደሩ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል። የሰበካው ቄስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። የኔታን ከሰው ለይተው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዷቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

«ይትባረክ፣ ልጁ ጣቱን የቆረጠው ቅዳሜ ነው። በቀዳሚት ሰንበት የክርስቲያን ልጅ እንጨት ይፈልጣል?»

«ያለቀበት ይፈልጣል አባቴ። ድኾች ናቸው።»

«መምህሩ አንተ ነህ። በገዛ እጁ አይዶለም ትላለህ?»

«አይዶለም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉ። የኔታ መስቀሉን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት፣ «እንጨት ሲፈልጥ ነው» አሉ። ምስጋናው በወጉ ተፈታ፣ በወጉ ተቀበረ።

ይህ ድፍረት ነው ወይስ ፍርሃት? እስካሁን አልለየሁትም። እሳቸው ግን ለይተውት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቄስ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ቅዳሴ ሲሄዱ ከቅጽሩ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ክፍል ውስጥም «አንድም» ማለት ተዉ። «ዊንዶው ማለት መስኮት» ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድሮ ሥርዓተ ትምህርቱን ቀድመው የጨረሱት የኔታ ናቸው ብሎ በስብሰባ አመሰገናቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

እኔ ልከራከራቸው ሞክሬያለሁ። «ሐሰት ነው ብለው ነግረውት ቢሆንስ? የቃሉ ሥር ሐሰት ስለሆነ፣ ጣት የሌለው ሰው ጠብመንጃ ይስባል?» አልኳቸው። በባዮሎጂ አስተማሪ አፍ ሲነገር የማያጠራጥር ነገር ይመስለኝ ነበር።

«እሱን ተይው» አሉኝ። «እኔ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው አሳምሬ የነገርሁት። ሊቅ ነህ ብዬም አሞገስሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አስካለ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ፤ «ሰው ሦስተኛውን ለምን እንደሚወደው ታውቂያለሽ? አልጋውም ውርንጭላውም ተፈጥሮ ነው። ውርንጭላ ደነገጠ ተብሎ አይገረፍም፤ ጣቱን የቆረጠ ግን ይገረፋል። ሰው ፈሪ ሲያይ መግረፍ ያምረዋል። ለዚህ ነው ተረቱን የፈጠሩት። እኔም ለሳቅ ብዬ አቀበልሁት።»

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናኑን ፊት ለፊት «ልጅሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ መናገርና ማሪኝ ማለት። ለቄስ መናዘዝ አይችሉም፤ ከተናዘዙ በመስቀል የዋሹት ይወጣል፣ የልጁም ፍትሐት ጥያቄ ውስጥ ይገባል ብለው ፈሩ። ለእናቱ ግን መንገር አለብኝ ይሉ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወደዚያ ዳገት ይወጣሉ። ገብስ ይወስዱላታል፣ ጨው ይወስዱላታል። ይቀመጣሉ። ሳይናገሩ ይመለሳሉ።

አንድ ጊዜ፣ «አንቺ አብረሽኝ ካለሽ እናገረዋለሁ» ብለው ለመኑኝና ሄድኩ። እናኑ ተቀበለችን፣ ጠላ ቀዳችልን፣ ፊታቸውን ግን አታይም። ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። የኔታ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እናኑ» አሉ። «ያን ዓርብ ክፍል ውስጥ...»

ከመቅጽበት ተነሣች። «ላሚቱን ላስገባ» አለችና ወጣች። ላሚቱ ታስራለች፤ ስንገባ አይተናታል። ብዙ ጠበቅናት፤ አልተመለሰችም።

ዳገቱን ስንወርድ የኔታ ቆም እያሉ ይተነፍሱ ነበር። «ታውቃለች» አሉኝ። «ልጁ ሁሉንም ነግሯታል። ልትሰማኝም አትፈልግም። እውነቷን ነው።» እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል?

ከዚያ በኋላ ምግብ እንቢ አላቸው። ሆዳቸውን እያመማቸው ነበር፤ ምን እንደሆነ የሚያይ ሐኪም አልተገኘም። መንገዱ ሲከፈት ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሲዋጣ መንገዱ ይዘጋል። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አስጎብኚዎች ነበሩ፤ ቱሪስት ከቀረ ወዲህ እነሱም የሚበሉት አጥተዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃቸው የመዝገበ ቃላቱን ገጽ እየገነጠሉ እሳት ሲያያይዙበት አገኘኋቸው። ተቆጣሁ፤ እንደ ሕፃን ጮህኩባቸው። «ምን ላድርገው?» አሉኝ፣ ሳይቀየሙ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ፈርቼ ያልነገርኋትን አንቺ ንገሪያት። ከሞትሁ በኋላ ይሁን። በሕይወት ሳለሁ ብትረግመኝ አልችለውም።»

«እሽ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ወፍጮ ቤት ያለችው ሴትዮ ናት የነገረችኝ።

የቀበራቸው ሰው ጥቂት ነው። አንካሳው ጎረቤታቸው መጥቶ ነበር፤ ዳር ቆሞ አፈር ከመለሰ በኋላ ሄደ። እናኑ አልመጣችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ለራሴ ልክደው አልችልም፤ አልነግራትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አደራ ነው።

ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። በጣም ከስታለች። ሰላም አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ እናኑ፣ የኔታ አደራ ጥለውብኛል» አልኩ። «ያን ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለ ጣት ያወሩት እሳቸው ናቸው። ሐሰት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ሳይናገሩ ተደወለ። ምስጋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማሪኝ በያት ብለው ነው የሞቱት።»

እጇ ባቄላው ውስጥ ቀረ። «ምን አሉ?» አለች። ደገምኩላት።

«የኔታ ናቸው እንደዚያ ያሉት? ለዚህ ነው ሲመላለሱ የከረሙት?»

«ለዚህ ነው።»

«ወይኔ!» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች። «እኔኮ ያወቁብኝ መስሎኝ ነው» አለች። «በመጡ ቁጥር ዛሬ ሊጠይቁኝ ነው እያልሁ... ለዚህ ነው የምሸሻቸው።»

«ምኑን ነው ያወቁብሽ?»

ዙሪያዋን አየች፤ ከላሚቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«ምስጋናውማ ኸትምህርት ቤት ገብቶ እየሳቀ ነው ያጫወተኝ» አለች። «ለሱ ጨዋታ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ታላቁን ወስደውብኛል። ሳስበው አደርሁና ቅዳሜ ጠዋት ምሳሩን ሞረድሁት።»

ተይ፣ አትናገሪው ልላት ፈለግኩ።

«እሱ ፈርቶ ነበር» አለችኝ። «እጁን ግንዱ ላይ አርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እማ ይቅርብን አለኝ። እኔ ነኝ ያልፈራሁት።»